የምጣድ ፈተና

ከጀበናና ከምጣድ ለመሥራት የሚከብደው የትኛው ነው ቢባል፣ ብዙ ሰው አንገትና ጡት ያለውን ጀበና ይጠራል። እኔ ምጣዱን እላለሁ። የጀበና ሆድ ክብ ስለሆነ ግድግዳው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል። ምጣድ ግን ወርዱ 60 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ዝርግ ጭቃ ነው፤ የሚደገፍበት የለውም።

ጭንቁ ሲደርቅ ይጀምራል። ጭቃ ውኃው ሲወጣለት ይኮማተራል፤ እንደ አፈሩ ከመቶ ከ5 እስከ 10 እጅ ይቀንሳል። በምጣድ ወርድ ሲታሰብ ከ3 እስከ 6 ሳንቲሜትር ነው። ሁሉም ቦታ እኩል ቢኮማተር ባልከፋ። ነፋስ ግን ቀድሞ ጠርዙን ያገኘዋል። ጠርዙ ሲሰበሰብ መሀሉ ገና እርጥብ ነው፤ ያኔ ከዳር በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ብቅ ትላለች። ያቺ መስመር እሳት ውስጥ ገብታ ስትወጣ ምጣዱን ለሁለት ልትከፍለው ትችላለች። ስለዚህ ጥላ ውስጥ፣ ጠርዙ ተሸፍኖ፣ ቀስ ብሎ ይደርቃል።

ሌላው መድኃኒት ገል ነው። የተሰበረ ሸክላ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ከጭቃው ጋር ይቦካል። አንዴ እሳት ያየ ነውና ዳግመኛ አይኮማተርም፤ ለውኃውም መውጫ ይከፍታል። የአምናው ስባሪ የዘንድሮውን ምጣድ ደግፎ መያዙ ሁሌም ይገርመኛል።

ጭቃ ደግሞ አይረሳም። ዝርጉ በአንድ ጠርዙ ተይዞ ሲነሳ ከጎበጠ፣ መልሰው ደልድለው ቢያስተኙትም ሲደርቅና ሲቃጠል ወደዚያው ጉብጠት ይመለሳል። በጎበጠ ምጣድ ላይ ሊጡ ወደ ዝቅታው ይሄድና እንጀራው አንድ ጎኑ ወፍራም፣ ሌላው ስስ ይሆናል።

ከዚያ እሳቱ አለ። የቀረ እርጥበት ካለ 100 ዲግሪ ላይ እንፋሎት ሆኖ ሸክላውን ያፈነዳዋል። 573 ዲግሪ ላይ ደግሞ በጭቃው ውስጥ ያለው የኳርትዝ ቅንጣት ድንገት ያብጣል፤ ሲበርድም እዚያው ላይ መልሶ ይኮማተራል። ነፋስ አንዱን ጎን ካቀዘቀዘው ምጣዱ ይሰነጠቃል። በኩበትና በእንጨት የምታቃጥል ሴት ይህን ሁሉ የምትቆጣጠረው በዓይኗ፣ የፍሙን ቀለም እያየች ነው። ይህን የሚያህል እውቀት የያዘች ሸክላ ሠሪ ለዘመናት «ቡዳ» ስትባል ኖራለች፤ የሰደቧት ሰዎች እንጀራ ግን በእሷ ምጣድ ይጋገር ነበር።

ገበያ ላይ ገዢዋ ምጣዱን ከፍ አድርጋ በጣቷ አንጓ ቆርቆር ታደርገዋለች። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ያን ጊዜ ሠሪዋም ዝም ብላ ታዳምጣለች።