220 ሲቀነስ ዕድሜ፦ ከፍተኛ የልብ ምትና የከባድ እንቅስቃሴ ደኅንነት በጎጃም ደጋ

አምበር ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ከተማ ናት። በእርሷና በአካባቢዋ ዳገት መውጣት፣ ሸክም መሸከምና ረጅም መንገድ በእግር መጓዝ የዕለት ኑሮ ነው፤ ሩጫም ለተማሪው እንግዳ አይደለም። የልብ ምት የሚቆጥሩ የእጅ ሰዓቶችና ስልኮች ሲለመዱ ግን አብሯቸው አንድ ቀመር ተለምዷል፤ ይኸውም ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ ነው። ብዙዎች ውጤቱን እንደ አደጋ ወሰን ይወስዱታል፤ ከቁጥሩ በላይ ያለው ሁሉ አደገኛ፣ ከቁጥሩ በታች ያለው ሁሉ ደኅና ይመስላቸዋል። ሁለቱም ግምቶች ስሕተት ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ቀመሩ የታወቀው ፎክስ፣ ናውተንና ሃስኬል እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ምንጩ ለዚሁ ዓላማ የታቀደ ጥናት ሳይሆን፣ ቀደም ብለው ከታተሙ መረጃዎች ላይ በግምት የተሰመረ መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ታናካ፣ ሞናሃንና ሲልስ የ351 ጥናቶችን ውጤት በአንድነት መርምረው ሌላ ቀመር አቀረቡ፤ ዕድሜ በ0.7 ተባዝቶ ከ208 ላይ ይቀነሳል። በ40 ዓመት ሁለቱም ቀመሮች 180 ይሰጣሉ። በ20 ዓመት ግን የቀድሞው 200፣ የኋለኛው 194 ሲሆን፣ በ60 ዓመት የቀድሞው 160፣ የኋለኛው 166 ነው። ይሁን እንጂ የተሻለውም ቀመር የሚናገረው ስለ አማካይ ነው። እኩያ በሆኑ ጤነኛ ሰዎች መካከል በአሥርና ከዚያም በላይ በሆነ ምት መለያየት የተለመደ ነው። ስለዚህ የአንዱ ወጣት ጣሪያ 180፣ የሌላው 208 ቢሆን ሁለቱም ጤነኞች ሊሆኑ ይችላሉ።

በኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ የስሕተት ምንጭ አለ። ሰዓቱ ዕድሜን የሚያሰላው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። በ1995 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ይህንኑ ቁጥር ሳይለውጥ ካስገባ፣ መሣሪያው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምሮ ያስረጀዋል፤ በቀድሞው ቀመር መሠረትም ጣሪያውን በዚያው መጠን ዝቅ ያደርግበታል። የልደቱን ዘመን በግምት ለሚያውቅ ሰውም ውጤቱ ያው ግምት ነው።

ከፍተኛ የልብ ምት የሚወሰነው የልብን ትርታ በሚያስጀምረው ተፈጥሯዊ አንጓ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የአንጓው ፍጥነትና ለአድሬናሊን የሚሰጠው ምላሽ ይቀንሳሉ። ልምምድ ጣሪያውን ከፍ አያደርግም፤ የሚጨምረው ልብ በአንድ ምት የምትረጨውን የደም መጠን ነው። ጤነኛ ልብም ወደ ጣሪያዋ በመድረሷ ብቻ አትጎዳም። ድንገተኛ አደጋ የሚደርሰው በአብዛኛው አስቀድሞ ሕመም ባለበት ልብ ላይ ነው።

በአገራችን ወጣቶች ዘንድ ከሚታዩት የልብ ሕመሞች ዋነኛው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በልጅነት በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የሩማቲክ ትኩሳት ሊያስከትል ይችላል፤ ይህም ውሎ አድሮ የልብን ቫልቮች ያጠባል ወይም እንዳይገጥሙ ያደርጋል። የማይትራል ቫልቩ የጠበበበት ሰው ደም ወደ ግራው የልብ ክፍል እስኪያልፍ ጊዜ ይፈልጋል። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ስትመታ ለአንድ ምት አንድ ሴኮንድ አላት፤ 150 ጊዜ ስትመታ ግን 0.4 ሴኮንድ ብቻ ይተርፋታል፤ ይበልጥ የሚያጥረውም ልብ የምትሞላበት ጊዜ ነው። በዚህ የተነሣ ደም ወደ ኋላ ይታቆርና ሳንባ ውኃ ይቋጥራል። የ18 ዓመቱ ሯጭ 150 ሲደርስ ሰዓቱ «ገና ነህ» ይለዋል፤ የጠበበው ቫልቭ ግን ከዚያ በፊት ጣሪያው ላይ ደርሷል።

የደጋ ተወላጅነትም ከዚህ አይጠብቅም። ቢል እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም ሆነ የሄሞግሎቢን መጠን በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ መላመድ ከኦክስጅን እጥረት ጋር የተያያዘ እንጂ የቫልቭ ሕመምን የሚከላከል አይደለም።

ቁጥሩን የሚያዛቡ ሌሎች ሁኔታዎችም አሉ። ከደጋው ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው በሙቀቱ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ሰው ደግሞ በውኃ ጥም ምክንያት ለተመሳሳይ ሥራ የልብ ምቱ ከወትሮው ይጨምራል። በአንጻሩ ለደም ግፊት ወይም ለእንቅርት ሕመም እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ምቱ ስለሚገታ፣ በጣም ደክሞም ቁጥሩ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የአሠልጣኝና የስፖርት መምህር የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ቁጥር መሆን የለበትም። በእንቅስቃሴ ወቅት ራሱን የሳተ፣ ደረቱን የሚያስጨንቀው፣ ከእኩዮቹ ተለይቶ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ከቤተሰቡ በለጋ ዕድሜ በድንገት የሞተ ሰው ያለ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። መልሱ አዎንታዊ ከሆነ ተማሪው ከሩጫው በፊት በሐኪም ሊታይ ይገባል። በሐኪም መስሚያ የሚሰማ የቫልቭ ድምፅ ሊያመልጥ ስለሚችል፣ ጥርጣሬ ሲኖር የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። ትኩሳት ያለበት ሰው እስኪድን ከከባድ እንቅስቃሴ መታቀብ ይኖርበታል። ለጀማሪዎች ጫናውን በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ መጨመር፣ መጠኑንም በንግግር መለካት ይበጃል፤ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር የሚችል ሰው በመካከለኛ ጫና ላይ ነው፤ ከጥቂት ቃላት በላይ የማይወጣው ከባዱን ጀምሯል።

ሯጭ ወድቆ ካልነቃና በአግባቡ ካልተነፈሰ ደግሞ ወዲያውኑ ርዳታ መጥራትና ደረቱን መሐል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል መጫን ያስፈልጋል። በሜዳው ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው የልብ ምት ቁጥር ቢኖር ይህ ነው።