ውሃ የሚሞላለት ሰው

ያረጀ ውሻ ሲያመጡልኝ በቅድሚያ የምሰማው «እርጅና ነው» የሚለውን ነው። ቡቺም እንዲያ ተብሎ መጣ። 12 ዓመቱ፣ 28 ኪሎ፤ ክረምት ሲገባ ከተኛበት ልነሣ ሲል የኋላ እግሮቹ እምቢ የሚሉት የግቢ ውሻ። ባለቤቲቱ «ለእግሩ አንድ መርፌ ውጉልኝ» አሉ። ገመዱን ይዘው የቆሙት ግን የግቢው ዘበኛ ነበሩ።

«ውሃ እንዴት ነው?» አልኩ። ባለቤቲቱ ዘበኛውን አዩ። «ኧረ ዶክተር፣ ባለሁለት ሊትሩን ሃይላንድ በቀን ሁለቴ ነው የምሞላለት። ድሮ አንዱም ይተርፍ ነበር።»

አራት ሊትር! ውሻ በኪሎ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በየቀኑ ከጠጣ ደህና አይደለም፤ የቡቺ ልክ 2.8 ሊትር ነው። ሽንቱ ውሃ መስሏል። ደሙን ስንመረምር የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየው ክሪያቲኒን ከፍ ብሏል። ይህ ቁጥር ዘገምተኛ ነው፤ ሦስት አራተኛው ያህል የኩላሊት ሥራ እስኪጠፋ ድረስ ብዙም ንቅንቅ አይልም። ሃይላንዱ ከላቦራቶሪዬ ቀድሞ አውቆ ነበር። የላም በሽታ ሲሆን እረኛውን እንጠይቃለን፤ ከተማ ውስጥ ግን፣ እኔንም ጨምሮ፣ የምንጠይቀው ከፋዩን ነው።

ቀጥሎ ሌላ ጉድ ወጣ። ሲያነክስ ዘበኛውን አሳዝኗቸው ዳይክሎፌናክ በዳቦ ጠቅልለው ይሰጡት ኖሯል። የእኛን ጉልበት የሚያስታግሰው ኪኒን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፤ ወደ ኩላሊቱ የሚሄደውንም ደም ይቀንሳል። እኔስ ብሆን? ሜሎክሲካም ልወጋው መርፌውን አዘጋጅቼ ነበር፤ እሱም የዚያው ዘር ነው። ያረጀ ውሻ በአንድ በሽታ አይመጣም፤ ለእግሩ የታሰበው ኩላሊቱን ይመታል።

መርፌውን መለስኩ። በምትኩ ጋባፔንቲን በአነስተኛ መጠን አዘዝኩ፤ ከሲሚንቶው ብርድ የሚያነሣው ወፍራም ፍራሽም እንዲነጠፍለት ተስማማን። ወጥ የነካው ፍርፋሪ ይቅር አልኩ፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፣ ጨውም አለበት። ለኩላሊት ተብሎ የሚሠራው የውጭ ምግብ ዋጋው የሚቀመስ ስላልሆነ ሩዝ፣ የእንቁላል ነጩን ክፍልና ጥቂት ሥጋ ይዘን እንሞክራለን።

«በረንዳውን እንዳያበላሽብን ማታ ማታ ውሃውን ብናነሣበትስ?» አሉ ባለቤቲቱ። በፍጹም! ኩላሊቱ ውሃ መያዝ ስላቃተው ነው የሚጠጣው፤ ከተከለከለ አንድ ሌሊት ይበቃዋል፣ ሰውነቱ ይደርቃል።

«ሌሊት እኔ አወጣዋለሁ» አሉ ዘበኛው።

የመድኃኒቱን ወረቀት ለባለቤቲቱ ሰጠሁ። ሊወጡ ሲሉ ግን ጠርቼ መለስኳቸውና ሌላ ወረቀት ላይ ለጠዋቱ ፀሐይ፣ ለማታው ጨረቃ ሥዬ፣ በየሥዕሉ ሥር የኪኒኑን ብዛት በነጥብ አድርጌ ለዘበኛው ሰጠኋቸው። አጣጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።