«50 በመቶ ነዳጅ ይቆጥባል» ያላችሁት ክንፍ ተለክቷል ወይ?

በአዊ ዞን፣ እንጅባራ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ውድድር ላይ በዳኝነት ተቀምጬ ነበር። የጠሩኝ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ስለሆንኩ ነው። አንደኛ የወጣው ሞዴል ክንፍና ሆዱ አንድ ላይ የተዋሃደ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ነው። ከሥሩ «ነዳጅ 50 በመቶ ይቆጥባል» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ከምን ጋር ተወዳድሮ? በምን ተለክቶ? ስጠይቅ «ሰዓት የለንም» ተባልኩ። ልጁን አልወቅስም፤ ቪዲዮ ላይ ያየውን ነው የጻፈው። ሳይጠይቁ ነጥብ የሰጡት ግን ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በቅደም ተከተል ልናገር።

1. ክንፍ ሲያነሳ በጫፉ በኩል አየር ከሥር ወደ ላይ ይሾልካል፤ ከኋላው አዙሪት ይተዋል። አዙሪቱን የሚያሽከረክረው ጉልበት የሚከፈለው ከነዳጅ ነው። ክብደትና ፍጥነት ሳይለወጥ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ በ10 በመቶ ቢረዝም፣ ከአዙሪቱ የሚመጣው ድራግ (ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል) 17 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ረጅምና ቀጭን ክንፍ የሚፈለገው ለዚህ ነው። በኪው400 ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የበረረ ሰው ይህን ክንፍ ከመስኮቱ በላይ አይቶታል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 28.4 ሜትር ነው።

2. ታዲያ ለምን ዝም ብሎ አይረዝምም? አንደኛ፣ ሥሩ ላይ የሚያርፈው ጫና ስለሚጨምር ክንፉ መጠንከር አለበት፤ ክብደት ይመጣል፤ ያተረፍነውን ነዳጅ መልሶ ይበላል። ሁለተኛ፣ ማቆሚያው። 737ን የመሰሉ አውሮፕላኖች የሚቆሙበት ቦታ ከ36 ሜትር ያነሰ ክንፍ ነው የሚቀበለው፤ ለ787 እና ለኤ350 ደግሞ ወሰኑ 65 ሜትር ነው። 737-800 ዊንግሌቱን ይዞ 35.8 ሜትር፣ ኤ350 64.75 ሜትር የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ወደ ጎን መሄድ ሲከለከል ክንፉ ወደ ላይ ታጠፈ። ዊንግሌት ጌጥ አይደለም! የናሳው ሪቻርድ ዊትኮምብ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በንፋስ ዋሻ ፈተነው፤ ከዚያ በ1979 እና 1980 በኬሲ-135 ላይ ተገጥሞ በርሮ ተለካ፤ ከ6 በመቶ በላይ ቁጠባ ተገኘ። ቦይንግ 777-9 ደግሞ በአየር ላይ 71.75 ሜትር ሆኖ መሬት ላይ ጫፉን አጥፎ 64.85 ሜትር ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 ዓ.ም. ስምንት አዝዟል።

3. ከሥር በዘንግ የተደገፈው ቀጭን ክንፍ፣ ማለትም የናሳና የቦይንግ ኤክስ-66። በጃንዋሪ 2023 ሲታወጅ ነዳጅ «እስከ 30 በመቶ» ይቆጥባል ተባለ። ቁጥሩ የክንፉ ብቻ አይደለም፤ ከአዳዲስ ሞተርና ከሌሎች ማሻሻያዎች ጋር ተደምሮ ነው። ይህቺን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ቆርጦ የሚጥላት ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። በኤፕሪል 2025 ደግሞ አሮጌ ኤምዲ-90 ለውጦ የማብረሩ ሥራ እንዲቆይ ተደርጎ፣ ትኩረቱ መሬት ላይ ወደሚደረግ የቀጭን ክንፍ ሙከራ ዞሯል።

4. ውህዱ ክንፍ። «50 በመቶ» የምትለዋ ቁጥር ጄትዜሮ የተባለው ኩባንያ ስለ ራሱ ንድፍ የሚናገራት ናት። ሐሳቡ ውሸት አይደለም፤ በ2007 (እ.ኤ.አ.) የበረረው ኤክስ-48ቢ ሰው አልባ ሞዴል ቅርጹ እንደሚበርና እንደሚታዘዝ አሳይቷል። ግን ክብ ያልሆነ የመንገደኛ ክፍል የአየር ግፊት እንዴት ይቋቋማል? በአደጋ ጊዜ መንገደኛው ሁሉ በ90 ሰከንድ እንዴት ይወጣል? ቅርጹ እንግዳ ስለሆነ ብቻ ነዳጅ አይቆጠብም።

አሁን ያናደደኝን ልንገራችሁ። እዚያው ውድድር ላይ አንዲት ተማሪ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚገኘው ነጭ ፎም ሁለት ክንፍ ቆርጣለች፤ አንዱ አጭርና ሰፊ፣ ሌላው ረጅምና ቀጭን፣ ስፋታቸው በካሬ ሲለካ እኩል። አካሉ አንድ ነው፤ ክንፉን እየቀያየረች፣ አፍንጫው ላይ ሳንቲም ለጥፋ፣ ከተመሳሳይ ከፍታ ለቃለች። የደብተሯ ገጽ ላይ ርቀቱ በተርታ ተጽፏል፤ አንዱ ቁጥር ተሰርዞ አጠገቡ «ንፋስ ገባ» ይላል። መሐንዲስ ማለት ይቺ ናት! ደረጃ አልተሰጣትም። «ያልተቀባ ነው» ተባለ።

«የንፋስ ዋሻ የለንም» የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። ሞዴሉ ተረጋግቶ ሲንሸራተት የሄደበት ርቀት ለወረደው ከፍታ ሲካፈል የሚገኘው የሊፍት (የማንሻው ኃይል) እና የድራግ ውድር ነው። ሜትርና ነፋስ የማይገባበት አዳራሽ ይበቃል። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሞዴሉ ፈጠን ብሎ ይሄዳል እንጂ ውድሩ ብዙም አይቀየርም።

ለባነር፣ ለሰርተፍኬትና ለምሳ በጀት አለ፤ ለሜትር የለም። ሪፖርቱ ላይ «ይህን ያህል ፈጠራ ቀረበ» ተብሎ ይላካል፣ የትኛው እንደተፈተነ ግን ዓምድ እንኳ የለውም። ከዚያ አንድ ገጽ ፎቶውን ይለጥፋል፣ ሺህ ሰው ያጋራዋል፣ ልጁ ያልለካውን ቁጥር ይዞ ዩኒቨርሲቲ ይገባል።

መምህራን፣ በሚቀጥለው ውድድር የነጥብ መስጫው ላይ «እንዴት ተለካ?» የሚል ዓምድ ጨምሩ፤ ከቀለሙና ከቅርጹ በላይ ነጥብ ይኑረው። የልኬት ሠንጠረዥ ለሚፈልግ ክበብ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ለዚያች ልጅ መምህር ደግሞ፦ ደብተሯን እንዳትጥል ንገሯት።