«ስንት ቴራ ነው?» ከማለት በፊት

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ቴራ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ ግን ቀድሞ መጠየቅ የነበረበት፣ ውስጡ ያለው ይሽከረከራል ወይስ አይሽከረከርም የሚለው ነው።

የሚሽከረከረው ማግኔታዊ ቅብ ያላቸው ክብ ሳህኖች አሉት። ለላፕቶፕ የተለመደው ባለ 2.5 ኢንቹ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። የሚያነበውና የሚጽፈው ጫፍ ሳህኑን አይነካም፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት ከሺህ ጊዜ በላይ በሚያንስ ክፍተት ከበላዩ ይንሳፈፋል። እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ከወደቀ ጫፉ ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል፤ የተፋቀው ቦታ ላይ የነበረውን የሠርግ ቪዲዮ ማንም ባለሙያ አይመልሰውም። ኤስኤስዲ ግን ሁሉን በቺፕ ላይ ስለሚይዝ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። መውደቅን ይበልጥ ይችላል፣ ፍጥነቱም ብዙ እጥፍ ነው፤ በዚያው ልክ ይወደዳል። ቦርሳው ውስጥ ይዞት ለሚዞርና ከዲስኩ ላይ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ኤስኤስዲ ይሻላል። ፎቶና ፊልም አጠራቅሞ መሳቢያ ውስጥ ለሚያኖር የሚሽከረከረው ይበቃል ባይ ነኝ።

ሌላው የመብራት ጉዳይ ነው። ባለ 3.5 ኢንቹ ትልቁ ዲስክ የራሱ አዳፕተር ያለውና ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነው። መብራት ድንገት በሚሄድበት ቤት ላፕቶፑ በባትሪው ሲቀጥል ዲስኩ ግን እየጻፈ ሳለ ይቆማል፤ ፋይል የሚበላሸውም ያኔ ነው። ትንሹ ኃይሉን በዩኤስቢ ገመዱ ከላፕቶፑ ስለሚወስድ ለእኛ አገር እሱን እመርጣለሁ።

ሲያገናኙ ቀዳዳውን ይመልከቱ። ውስጡ ሰማያዊ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ 3 ነው። 20 ጊጋ ፊልም ወደሚሽከረከረው ዲስክ በዚህ በኩል ሲገባ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲፈጅ በአሮጌው ዩኤስቢ 2 አሥር ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ካልተከፈተ ኃይል አንሶት ሊሆን ይችላልና የዩኤስቢ ማከፋፈያውን ትተው በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩት። ድምፁ ካልጠፋ የተጎዳ ስለሚሆን ደጋግመው አይሞክሩት።

ተሰክቶ የማይጻፍበት ዲስክም አለ። በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት የተደረገውን ማክ ያነበዋል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም። ፋት 32 ደግሞ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ዊንዶውስና ማክን ለሚያፈራርቅ ኤክስፋት ይስማማል። ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ዲስኩ ባዶ ሳለ ይጨርሱት። ሲነቅሉም መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ «Eject» ብለው ያስወጡት፤ ኮፒው ያለቀ መስሎ ገና እየተጻፈ ሊሆን ይችላል።

የ1 ቴራው ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ሲያሳይ ተታለልኩ አይበሉ፤ አምራቹ በ1,000፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው። ማታለል የሚባለው «16 ቴራ ኤስኤስዲ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ነው። ሲከፈት ውስጡ ትንሽ የስልክ ሚሞሪ ካርድ የተገኘባቸው አሉ። 16 ቴራ ነኝ እያለ ሁሉን ይቀበላል፤ እውነተኛ ቦታው ሲሞላ ግን ያስገቡትን ያጠፋል። ስለዚህ ሻጩ ዲስኩን እስከ መቼ መልሶ እንደሚቀበል ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፤ ዲስኩን ቤትዎ ወስደው ጢም እስኪል ይሙሉትና ፋይሎቹን አንድ በአንድ መልሰው ይክፈቱ።