የአፈርን ጠባይ አራሹን መጠየቅ ይገባል

መሬት ኹሉ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ቢመስልም ጠባዩ ልዩ ልዩ ነው። ይህንንም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው በየዓመቱ የሚያርሰው ገበሬ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ጥቁሩን መረሬ፣ ቀዩን አፈርና ድንጋይ የበዛበትን ጭንጫ በየስማቸው ለይቶ ይጠራል፤ ስም ማውጣቱም ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ዘር፣ የእርሻ ጊዜና የውኃ መንገድ ለመወሰን ነው።

መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የገባበትም ውኃ ቶሎ አይለቀውም። ስለዚህ ገበሬው በእርሻው ላይ ፈሰስ እያወጣ የተረፈውን ውኃ ያሰናብታል፤ ሽምብራንና ጓያንም ክረምቱ ሲወጣ በቀረው ርጥበት ይዘራል። በምሥራቅ ሸዋ ያለው የኦሮሞ ገበሬ ይህንኑ ከባድ አፈር ኮቲቻ ብሎ ይለየዋል።

የዚህ ዕውቀት ጥቅም በሸንኰራ አገዳ እርሻ ይልቁን ይገለጣል። አገዳ እንደ ጤፍ በጥቂት ወራት ታጭዶ የሚያልቅ አይደለም፤ ለመቈረጥ ከአንድ ዓመት በላይ ይቈያል፤ ከተቈረጠም በኋላ ከጉቶው ዳግመኛ እያቈጠቈጠ ለብዙ ቈረጣ ያገለግላል። ስለዚህ አፈሩ አንድ ጊዜ የተበላሸ እንደ ሆነ ጉዳቱ ብዙ ዓመት ይከተለዋል። አገዳ ውኃ ወዳድ ቢሆንም ውኃ በተኛበት መሬት ሥሩ አየር አጥቶ ይደክማል።

በአዋሽ ዳር በወንጂ የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው አገዳ ያቀርቡለት ጀመር። የወንጂ መሬት በአንዱ ወገን ከባድ ጥቁር፣ በሌላው ወገን ቀላል አሸዋማ ነው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት የመስኖ ልክ ቢሰጥ አሸዋማው ሲጠማ ጥቁሩ ይሰጥማል። በዚያ ስፍራ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ አገዳው ሥር መቅረቡ የታወቀ ችግር ነው፤ በቈላ አገርም እንዲህ ያለው ውኃ ወደ ላይ እየተሳበ ሲተን ጨው በአፈሩ ላይ ይቀራል።

ይህም ሲባል የገበሬው ልማድ ኹሉ ያለ ነቀፋ ነው ማለት አይደለም። በሰሜን ሸዋ ደጋ አፈርን ከምሮ ማቃጠል ለጥቂት ዓመት ገብስ ቢሰጥም በኋላ መሬቱን ያራቍተዋል። እንዲሁም አራሹ ውኃ የሚተኛበትን ጥግና ቅጠሉ ቀድሞ የሚገረጣበትን ትልም ቢያውቅም፣ ከመሬት በታች ያለውን የውኃ ጥልቀትና ገና ያልታየውን ጨው የሚገልጠው የባለሙያው መሣሪያ ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ መባሉ ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ለአገዳ መሬት እንዲያስለካ የታዘዘ ሹም ካርታው ከመጽደቁ በፊት የቦታውን ሽማግሌዎችና አራሾች ሰብስቦ ሊጠይቅ፣ የነገሩትንም የአፈር ስም በካርታው ላይ ሊያስጽፍ፣ የመስኖውንም ተራ በዚሁ መጠን ሊያከፋፍል ይገባዋል። ገበሬን መጠየቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ጨው የበላውን መሬት ማዳን ግን የብዙ ዘመን ድካም ነው።