መብራት ሲመለስ ዝም የሚል ክላስተር

ደብረ ማርቆስ ላይ ሰርቨር የሚጠብቅ ባለሙያ መብራት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ኢንተርኔትም እንደዚያው። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል። አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ሌላው እንዲረከብ የሚያደርገው የክላስተር ሶፍትዌር መመሪያ ደግሞ በአብዛኛው የሚፈለገው ኢንተርኔት ላይ ነው።

በሊኑክስ ከሚሠሩት የክላስተር ሶፍትዌሮች በነጻ የሚገኘውና የታወቀው የፔስሜከርና የኮሮሲንክ ጥምረት ነው። ኮሮሲንክ ሰርቨሮቹ መኖር አለመኖራቸውን የሚነጋገሩበትን መልእክት ያመላልሳል፤ ፔስሜከር የትኛው አገልግሎት የት እንደሚሠራ ይወስናል። የሰርቨሮቹ ግንኙነት ተቋርጦ ሁለቱም «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ካሉ፣ አንዱን የእቁብ ደብተር ሁለት ጸሐፊ ሳይተያዩ እንደሚጽፉበት ዳታው ይበላሻል። ለዚህ ነው ፌንሲንግ ያስፈለገው፤ የተጠረጠረውን ሰርቨር ብዙውን ጊዜ ከኃይል ምንጩ ያጠፋዋል። ብዙ ጀማሪ «ኋላ እመለስበታለሁ» ብሎ ይዘለዋል፤ ባይዘለው ይሻላል።

ችግሩ መመሪያው አንድ ቦታ አለመቀመጡ ነው። የፔስሜከር መጻሕፍት ክላስተርላብስ በተባለው የፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ላይ አሉ፤ ለጀማሪ ሁለት ሰርቨር ከዜሮ ተነሥቶ የሚያስተክለውን ማስቀደም ነው። የኮሮሲንክ ዋናው ግን ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ የሚጫነው «ማን» (man) የሚባለው የመመሪያ ገጽ ነው። የሊኑክስ አከፋፋዮቹ ሬድ ሃትና ሱሴም የራሳቸው ጥሩ መመሪያ አላቸው፤ የአንዱ ትእዛዝ ግን ሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። ጊዜ ያለፈበት ጽሑፍ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ፔስሜከር 2.0 የቀድሞውን የመልእክት ማመላለሻ ሃርትቢትን መደገፍ አቁሟል፤ በሃርትቢት ዘመን የተጻፈው ግን ዛሬም ይነበባል። ስለዚህ መጀመሪያ የተጫነውን ሥሪት ማወቅ፣ ከዚያ የዚያኑ ሥሪት መመሪያ መያዝ ነው።

ለኛ አገር በተለይ የሚጠቅም አንድ ነገር ቮትኮረም በተባለው የኮሮሲንክ «ማን» ገጽ ውስጥ ተጽፏል። ሁለት ሰርቨር ብቻ ባለው ክላስተር አንዱ ሲወድቅ የቀረው ብቻውን የድምፅ ብልጫ ሊኖረው ስለማይችል ኮሮሲንክ ለሁለት ብቻ የተዘጋጀ ቅንብር አለው። ይህ ቅንብር ሲበራ ሌላ ቅንብርም አብሮ ይበራል፤ ሁለቱም ጠፍተው እንደገና ሲነሡ እርስ በርስ እስኪተያዩ ድረስ አገልግሎት አይጀመርም። መብራት ተመልሶ አንዱ ብቻ ከተነሣ ክላስተሩ ዝም ይላል። ይህን ያላነበበ ባለሙያ ሶፍትዌሩ ተበላሸ ብሎ ከዜሮ ሊጭነው ይነሣል፤ ክላስተሩ ግን የታዘዘውን እያደረገ ነው።

የኢንተርኔት መስመሩ እያለ ሊደረግ የሚገባው ቀላል ነው። ዴቢያን የፔስሜከርን መመሪያ ለብቻው በጥቅል ያዘጋጃል፤ ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ አውርዶ መጫን ይቻላል። አገልግሎቶቹን የሚያስነሣና የሚያቆም እያንዳንዱ ሪሶርስ ኤጀንት ደግሞ መግለጫውን በውስጡ ይዟል፤ በትእዛዝ ይነበባል። የፌንሲንጉን ገጽ ግን በወረቀት ማተም ይሻላል፤ ፋይሉ ያለው በጠፋው ሰርቨር ላይ ሊሆን ይችላልና።