ጉልበት እምቢ ሲል ወደ ደብሩ ደን

ከወረታ ከተማ የደብረ ታቦርን አውራ ጎዳና ይዞ ጥቂት የተጓዘ ሰው፣ ከኋላው የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቶ፣ ከፊቱ ደግሞ በየኮረብታው ላይ ክብ ክብ ሆኖ የቆመ ጥቁር ደን ያያል። ደኑን ባየበት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አለ ብሎ ቢገምት ብዙ አይሳሳትም። በደቡብ ጎንደር እንዲህ ያሉት የደብር ደኖች ከ1,000 አያንሱም፤ ከእርሻና ከግጦሽ የተረፈው ያገሬው ዛፍ አብዛኛው የሚገኘውም በእነዚሁ ነው።

ከነዚህ ደኖች በአንዱ የአባቴ መቃብር አለ። የግራ ጉልበቴ እንደ ልብ አልታጠፍ ካለኝ ወዲህ ግን፣ ይኸውም አራት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ደጁን አልረገጥሁም ነበር። ሕመሙ ይህን ያህል ሆኖ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ያስቀረኝ እፍረት ነው፤ በልጅነቴ እየሮጥሁ የወጣሁትን አቀበት እያነከስሁ ስወጣ ያገሬ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነው።

በኅዳር አንድ እሑድ ግን ከወንድሜ ልጅ ጋራ ተነሣሁ። ወሩን የመረጥሁት በምክንያት ነው። የፎገራ መሬት ዋልካ ነው፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲተኙበት ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ በበጋው መጨረሻ ደግሞ እየተሰነጠቀ ምርኩዝ ይውጣል። በኅዳር ጭቃው ጠጥሯል፤ ስንጥቁም ገና አልሰፋም። ቀድሞ የፎገራ ከብት ይግጥበት በነበረው መስክ ሩዝ ሲታጨድ፣ እኛ በማሳው ዳር ዳር አለፍን።

«ጋሼ፣ ምርኩዙን ወደ ቀኝ እጅዎ ያዙሩት እንጂ፤ ሐኪሙ ያሉዎትን ረሱት?» አለኝ ልጁ። ነገሩ ግልባጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ግራ እግር ሲታመም ምርኩዝ በቀኝ እጅ ሲያዝ ነው ክብደቱን የሚጋራው። አቀበት ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ምርኩዙና የታመመው እግር። ጉልበትን አብልጦ የሚጎዳውም ቁልቁለቱ ነው።

የፈራሁት እፍረት ግን የት እንደገባ አላውቅም። እረኛው ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፣ ካህኑ መቋሚያውን ይዞ፣ ገበሬውም በበትሩ ተደግፎ ሲያልፍ፣ በመንገዱ ላይ ባዶ እጁን የሚሄድ ወንድ አላየሁም። የኔን ምርኩዝ ማን ልብ ይለዋል?

የከፋኝ ከደኑ ጠርዝ ደርሼ ነው። ዙሪያው በድንጋይ ተክቧል። ካቡ ለደኑ የሚጠቅም ለመሆኑ ክርክር የለኝም፤ የ«እመጓ» ደራሲ በመሆን ይበልጥ የሚታወቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር ለዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት፣ በነዚሁ ደኖች ውስጥ ከብት ችግኙን እየበላና እየረገጠ እንደሚያጠፋው አሳይተዋል። ነገር ግን ከብት እንዳይሻገር ተብሎ መግቢያውም እስከ ጉልበት ድረስ ተክቧል። እግሬን ባነሣ እምቢ አለኝ። የአባቴ መቃብር ከዚያ መቶ እርምጃ አይርቅም፤ እኔ ግን ልመለስ ዞርሁ።

አንድ ሽማግሌ ቄስ ከውስጥ ሲያዩኝ ኖሯል።

«አባ፣ ይፍቱኝ» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ፤ ምነው ልጄ፣ ከደጅ ትመለሳለህ?»

«ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ።»

«ካቡ ላይ ተቀመጥና ዙር። ለከብት ብለን ያበጀነው ነው እንጂ ላንተ መቼ ሆነ!»

ተቀምጬ ዞርሁ። ውስጡ ሌላ አገር ነው። ወይራው፣ ዶቅማው፣ ዋንዛው ፀሐዩን ጋርዶታል፤ የረገፈው ቅጠል ከእግር በታች እንደ ምንጣፍ ይለሰልሳል። ሥር እንዳያደናቅፈኝ ብቻ ዓይኔን ከመሬት አልነቀልሁም። መቃብሩ አጠገብ ብዙ ተቀመጥሁ፤ ጉሬዛዎች ከላይ ሲዘሉ ሰማሁ።

ስንመለስ ቄሱና የወንድሜ ልጅ ከመግቢያው ወዲህና ወዲያ ጠፍጣፋ ድንጋይ አጋድመው እርከን አበጅተው አገኘሁ። እኔ ከመድረሴ በፊት አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ እጃቸውን ካቡ ላይ አሳርፈው ተሻገሩበትና ማንም እንዳበጀው ሳይጠይቁ መንገዳቸውን ቀጠሉ።